ለጾም የተሰቀለው መፋቂያ

ድድ ማለት ጥርስን ከሥሩ አቅፎ የሚይዝ ሥጋ ነው። ደኅና ሳለ ማንም አያስታውሰውም።

አልታየች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ፍልሰታ ሲገባ መፋቂያዋን ግድግዳ ላይ ሰቀለችና፣ «ጾም ነው፤ አፌን ውሃም እንጨትም አይነካውም» አለች። እናቷ በልጃቸው መንፈሳዊነት ተደሰቱ። ልጆች፣ ጠዋት ጠዋት ልክ ነበረች። ማታ ግን እንጀራ በሽሮ ጠግባ ስትበላም መፋቂያው ከተሰቀለበት አልወረደም።

በዘጠነኛው ቀን መዝሙር ሲያጠኑ ጓደኛዋ ሰብሌ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«ምነው ሸሸሽኝ?»

«አፍሽ ነዋ! ደግሞ አፍሽን የጠረግሽበት ነጠላ ደም አለበት።»

አልታየች ደነገጠች። በፍልሰታ በዓል ልትቆርብ ነበር፤ የሚደማ ሰው ደግሞ አይቆርብም። ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ዓባይነህ ሮጠች።

«አባ፣ በጾሙ ምክንያት ድዴ ደማ።»

«ማታ ከበላሽ በኋላስ ትፍቂያለሽ?»

«አዎ» ብትል ማን ያውቅባታል?

«ሰንፌ ነው፣ አባ።»

«ታዲያ ጾሙ ምን በደለሽና ስንፍናሽን ታሸክሚዋለሽ? በይ፣ ወደ ጤና ጣቢያ።»

ነርሷ ሲስተር ብርሀንነሽ አፏን አይተው ለስላሳ ብሩሽ ሰጧት። «ማታ ከምግብ በኋላ፣ እስከ ድድሽ ጠርዝ ድረስ ቀስ አድርገሽ ቦርሺ።»

«ቢደማስ?»

«ቢደማም አታቁሚ። የሚያደማሽ ጥርስሽ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ነው። አብሽሪ፣ ይድናል።»

ደማ፤ ቦረሸች። በማግሥቱም ደማ፤ ቦረሸች። እናንተ ብትሆኑ በስንተኛው ቀን ታቆሙ ነበር? አትመልሱልኝ።

በበዓሉ ጠዋት አባ ዓባይነህ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠየቋት። «ልጄ፣ ቆመልሽ?»

የለበሰችው ነጠላ ንጹሕ ነበር። ከሰብሌ ጋር መሰለፍም አምሯታል።

«ዛሬም ደምቷል፣ አባ» አለች።

ጓደኞቿ ቆረቡ። እሷ ዳር ቆማ አለቀሰች። ማታ ቤቷ ገብታ በላች፤ ቦረሸች።

ልጆች፣ ስንፍናችንን በጾም ስም አንሸፍን፤ እግዚአብሔር የሰጠንን አካል መጠበቅም አደራ ነው።

አልታየች ጳጉሜን ሦስት ቀን ቆረበች። ድዷ አልደማም።