ሐር የዋጠችው ሰጋቱራ

ድንቡሼ ሰጋቱራውን ያየችው የአይጧ ወገብና ጅራት ብቻ ውጭ ሲቀሩ ነው። እርጥቡ ጸጉር ላይ እንደ ስኳር ተለጥፎ፣ ቀስ እያለ ወደ እባቧ አፍ ገባ።

«ወይኔ ጉዴ!»

እባቧ ሐር ትባላለች። መርዝ የላትም፤ የትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ ክፍል ንብረት ናት። አስተማሪዋ ለሁለት ሳምንቱ እረፍት ለድንቡሼ አደራ ስትሰጣት፣ «ወለሉ ወረቀት ብቻ ይሁን፤ ሌላ ነገር ከዋጠች አንጀቷ ይዘጋል። ፍሪዘር ውስጥ ያለችውንም አይጥ ለብ ባለ ውሃ ካቀለጥሽ በኋላ በደንብ አድርቂያት» ብላ ነበር።

ግን ጋዜጣ ላይ የተኛች እባብ ታሳዝናለች። ድንቡሼ ከአናጺው ደጅ ሰጋቱራ አምጥታ አነጠፈችላት። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስታወቱ ሲገባ ሳጥኑ የወርቅ አሸዋ መሰለ፤ ሐርም በላዩ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ድንቡሼ አገጯን ደግፋ ስታያት ሰዓቱ የት እንደገባ አላወቀችም። አይጧን ሳታደርቅ በወረንጦ ያቀረበችላትም በዚያው ሰመመን ውስጥ ሆና ነው። አይጧ ሾልካ ሰጋቱራው ላይ ወደቀች፤ ሐር ከዚያው አነሳቻት።

«አታካብጂ!» አለች አጠገቧ የቆመችው የክፍል ጓደኛዋ። አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሏታል። «ጫካ ውስጥ ማን አንሶላ ያነጥፍላታል? ጠርገን ጋዜጣውን እንመልስ። ቲቸር የሰጠችሽ መዝገብ ላይ ‹በደንብ በላች› በያ! ማን ያያል?»

«ሆዷ ውስጥ ያለውስ?»

«ሆዷን አሸት አሸት እናደርግላታለን።» ሬዲዮ እጇን ሰደደች።

ድንቡሼ ቀልጠፍ ብላ ያዘቻት። «ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አትነካም! ታስመልሳለች።»

«ቲቸር ካወቀች መጥታ ትወስዳታለች። ሁለተኛም አትሰጥሽም። እወቂው!»

ድንቡሼ ወደ ሳጥኑ ዞረች። ሐር ተጠቅልላ ተኛች፤ መሃሏ ላይ እብጠቷ ይታያል። ቆብ የሌለው ዓይኗ የተኛ ይሁን የነቃ አይለይም።

«ልጄ፣ ክዳኑ ተገጥሟል?» አሉ አያቷ ከበሩ ውጭ። ሐር ከመጣች ጀምሮ ደፉን ተሻግረው አያውቁም። «እጅሽንስ ታጥበሻል? በሳሙና?»

«እሺ እማማ።»

«ድምፅሽ ምነው? ነከሰችሽ እንዴ? በስመ አብ!»

«ኧረ አልነከሰችኝም።»

ድንቡሼ መዝገቡን ገለጠች። ‹ሰጋቱራ ዋጠች። ያነጠፍኩት እኔ ነኝ› ብላ ጻፈች። ሬዲዮ አጎንብሳ አነበበችው።

ድንቡሼ እጇን ታጥባ ወጣች። «እማማ፣ ስልክዎን ያውሱኝ። ቲቸር ጋ ልደውል ነው።»

«ልትወስዳት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

አያቷ ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት። ከዚያ በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው ወደ ሳጥኑ አዩ። «አስተማሪሽ እስክትመጣ ድረስ እንዳይበርዳት» አሉ።

ስልኩ መጥራት ጀመረ።