ለሙሄ «አቤት» ያለው

አስቀድመህ ይህን እወቅልኝ ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ «ባሕሩ ሰው ይጠራል» ሲሉኝ የምስቅ፣ ጂን ሲባል «እስቲ አሳዩኝ» የምል ነበርኩ፣ አሁንም አምናለሁ አልልህም፣ የሰማሁትን ብቻ ነው የምነግርህ።

የምንኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። እንቦጩ ባሕሩን መሸፈን ሲጀምር የሰፈሩ ወጣት በፈቃዱ ተሰባስቦ መንቀል ጀመረ፣ ታላቅ ወንድሜ ሙሄ ከመጀመሪያዎቹ ነበር፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ደርቤ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛው፣ እናቴ «ሌላው ልጄ» የምትለው። ወገብህ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተህ ትነቅላለህ፣ የተነቀለውን በገመድ አስረህ ወደ ዳር ትጎትታለህ። እንቦጩ ከላይ ሲያዩት መስክ ይመስላል፣ ከሥሩ የቱ ጋ ገደል እንዳለ ግን አታውቅም፣ ስለዚህ ስንወጣ አስተባባሪያችን ጋሼ ይመር ዳር ቆሞ በቃሉ ስም ይጠራል፣ እያንዳንዱ «አቤት» ይላል። «አቤት» ያላለ ሰው ካለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ተመልሰን እንፈልጋለን።

ሙሄ የሞተ ቀን እኔ አልነበርኩም፣ ፈተና ነበረብኝ። የነገሩን እንዲህ ነው፣ ስሙ ተጠራ፣ «አቤት» አለ፣ ሁሉም ተበተነ፣ ከዚያ ደርቤ እንዳለው ሙሄ «ልታጠብ» ብሎ ብቻውን ተመልሶ ገባ። በማግስቱ ከእንቦጩ ሥር አወጡት። ለቅሶ ላይ ሰዉ እናቴን «አብሽሪ» ይላታል፣ ዞር ሲል ደግሞ «ምን ይደረግ፣ ራሱ ነው የገባ» ይላል፣ እሷም ትሰማለች። «ልጄ እንዲህ ቸልተኛ ነበር እንዴ?» ትለኛለች። ሙሄ እኮ እኔን ብቻዬን እግሬን እንኳ አያስነክረኝም ነበር። ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። እና ሥራው እንደገና ሲጀመር እኔም ተመልሼ ገባሁ።

ደርቤ ከጎኔ ሆነ። «ኧረ አንተ፣ እንቦጭ ነው የምትነቅል ወይስ ጎመን የምትቀነጥስ? ሥሩን ያዘው!» ይለኛል፣ ሊያስቀኝ ነው፣ እኔም ሳቅኩለት፣ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነፋሱ ቆመ። እንቁራሪቶቹም ዝም አሉ። ከዚያ አንድ እንቦጭ ያዝኩ፣ ሳብኩት፣ መልሶ ሳበኝ። ተጠላልፎ ይሆናል አልኩ። ደግሜ ሳብኩ፣ ደግሞ ሳበኝ፣ ቀስ አድርጎ፣ ሰው ለጨዋታ እንደሚስብ። ለቀቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ይስቁብኛል ብዬ።

ወጣን። ጋሼ ይመር መጥራት ጀመረ።

«ከማል!»

«አቤት!»

«ዘውዱ!»

«አቤት ጋሼ፣ ቶሎ በል ርቦናል!»

ሰዉ ሳቀ። ከዚያ፣ ልማድ ሆኖበት ነው መቼም፣ በድሮው ተራ «ሙሄ!» አለ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

«አቤት!»

ከባሕሩ ነው። ማንም ከሌለበት፣ ከእንቦጩ መሃል። ወላሂ እመነኝ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ውሃው ነው ያዞረ። ደግሞ የሙሄ ድምፅ አልነበረም። የሙሄ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ይሄ ቀጭን ሆኖ በግድ የወፈረ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ደርቤ ሙሄን ሲያስመስል የሚያወጣው ነው። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ አንዱ ከቀረ ሌላው በእሱ ድምፅ «አቤት» ይልለት ነበር፣ ቤት መጥተው እያወሩ ሲስቁ ነው ያደግኩት፣ አልሳሳትም። ዞሬ አየሁት። ደርቤ ሸሚዙን እየጨመቀ፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ነበር። አፉ አልተከፈተም።

«ማነው የሚቀልደው!» አለ ጋሼ ይመር። ሁሉም ዕቃውን አንስቶ ሄደ።

ደርቤን መንገድ ላይ ደረስኩበት። «ያን ቀን… አቤት ያልከው አንተ ነህ» አልኩት።

«ዐስር ሊሰግድ የወጣ መስሎኝ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ሰላት ሲደርስ ቀድሞን ሾልኮ ይወጣ የለ? ጋሼ እንዳይቆጣው ብዬ ነው። ግሸን ማርያምን፣ የወጣ መስሎኝ ነው!»

«ልታጠብ ብሎ ገባ ያልከውስ?»

«እናትህን ፈራሁ» አለኝ።

እናቴን ፈርቶ፣ እናቴ ልጇን እንድትወቅስ አደረጋት። ያኔ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ተመልሰው ይገቡ ነበር፣ ምናልባት… ይህን ሐሳብ ጀምሬው ጨርሼው አላውቅም።

በማግስቱ ከማልን ጠየቅኩት፣ «ወፍ ነው» አለኝ። ዘውዱ ምንም አልሰማሁም አለ። ጋሼ ይመር እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። አንድ ልጅ የቀበረችን ሴት ሌላውን እንዴት አድርጌ ልንጠቃት? ደርቤም ዛሬም ይመጣል፣ እሷ ምሳ ታቀርብለታለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ባለፈው አርብ ሁለታችን እቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ እኔ ላናግረው አልፈለግኩም፣ እሱም ከገባ ጀምሮ ቃል አልወጣውም፣ እናቴ ከጓሮ «ደርቤ!» ብላ ተጣራች። ቀና አለ፣ «አቤት» ግን አላለም፣ እኔም አልመለስኩለትም፣ ከውጭም ምንም አልሰማንም። ጥቂት ቆይታ እጇን እያደራረቀች ገባች።

«ምነው ልጄ፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አለችው። «ድምፅህ ወፈረብኝ።»