የሦስት ቁልፍ በር

አንድ በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር አንጠልጥላችሁ ቁልፎቹን ለሦስት ሰው ስታከፋፍሉ፣ የምትጠብቁት ሌባውን ነው ወይስ እርስ በርሳችሁን?

ሰቆጣ ዳር ባለው የጋራ የማር ማዕከል ይህ ጥያቄ ማክሰኞ ጠዋት መልስ አገኘ። ሦስቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ ነበሩ። ማር ማጣሪያው ማሽን ግን የለም።

ቁልፍ ያዦቹ የልማት ባለሙያዎች ናቸው፤ ይታየሽ ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ሚፍታሕ ከከተማው፣ ደግሰው ከአበርገሌ። አስተባባሪው አቶ ዘመነ «እኔ አምናችኋለሁ» ብሎ ቁልፍ አልወሰደም። በማግስቱ ንብ አናቢዎቹ ተሰብስበው ማዕከሉን ከእሱ እጅ ሊረከቡ ነው። ማሽኑ ካልተገኘ ርክክቡ ይቀራል፤ ሦስቱም ይከሰሳሉ።

ሳጅን ጓንጉል ጣቢያው ስለሞላበት እዚያው ባዶው መጋዘን ውስጥ ዘጋባቸው። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ይግላል። አየሩ ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ ይመለሳል።

«ወይ ሦስታችሁም ሌቦች ናችሁ፣ ወይ አንዳችሁ የሁለቱን ቁልፍ አስቀርጿል» ብሏቸው ነበር ሲወጣ። «ተማከሩ።»

አልተማከሩም። ተነካከሱ።

«ቁልፍ ቀራጭ ያለው ያንተ ከተማ ነው» አለ ደግሰው ላቡን እየጠረገ።

«የአበርገሌ በረሃ ሰውም ያልበዋል?» ሚፍታሕ ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ ደረቀ። «ቀራጩ የአክስቴ ልጅ ነው። ሳጅኑ ሄዶ ይጠይቀው።»

ሳጅኑ ከበሩ ውጭ ሰምቶ ነበር፤ ጠይቆ ተመለሰ። የቀራጩ ማሽን ከተበላሸ ከርሟል፤ የተቀረፀ ቁልፍ የለም። ተስፋ ያደረጉበት ቀዳዳ ተደፈነ፤ በሩም እንደገና ተዘጋባቸው። ሲዘጋ መሬቱን ፋቀ።

ይታየሽ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ወለሉን ታያለች። ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ ንቦች ተርመሰመሱ።

«ባለፈው ከሠራን በኋላ ማሽኑን ማን አጠበው?»

«የአበርገሌ ተራ ነበር» አለ ሚፍታሕ።

«የኛ ተራ አልፏል። የከተማው ነው።»

«ከተማው ንብ አያረባ፣ ምን ሊያጥብ?»

«እኔም አበርገሌ አጥቦታል ብዬ ነው የተውኩት» አለች። ሁለት ዓመት የተከራከሩበት ትብብር ይኸው ነው፤ መቆለፉ ላይ ሦስት ባለቤት፣ ማጠቡ ላይ ማንም። ሌላ ቀን ቢሆን ትቆጣ ነበር። አሁን ግን ቀና አለች።

«እንዲያውም ተመስገን። በዚህ በጋ አበባ የለም። የተራበ ንብ ማር የነካ ዕቃ አይምርም። ደግሞ እነዚህ በየት ገቡ?»

ተከትለው አዩ። ንቦቹ የሚገቡት በጓጉንቸሮቹ በኩል አይደለም፤ በማጠፊያው በኩል በተከፈተ ስንጥቅ ነው። በሩ ዘሟል።

«ሳጅን!» በሩን ደበደበች። «ማጠፊያውን እይልን!»

ሳጅኑ ከውጭ ጎንበስ አለ።  ብሎኖቹ ተፈትተው ተመልሰዋል፤ ዝገታቸው ላይ የካቻቢቴ ጭረት ያብረቀርቃል።

«እናንተ ጓጉንቸሩን ስትጠብቁ» አለ በሩን እየከፈተ፣ «ሰውዬው በጀርባችሁ ገብቷል። ማን ነው ታዲያ?»

«ማሽኑ ያለበትን ንቦቹ ያሳዩናል» አለች ይታየሽ።

በሚፍታሕ ቤት በኩል አለፉ። አንድም ንብ የለም። ደግሰው የተከራየበት ግቢም ጭር ብሏል። የአቶ ዘመነ ጓሮ ግን ከሩቅ ያጉረመርማል። ከእንጨት ማስቀመጫው ሥር በሸራ የተሸፈነ ነገር ነበር፤ ሸራው በንብ ጠቁሯል። አቶ ዘመነ አንድ ዓይኑ አብጦ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«ለደኅንነቱ ብዬ ነው ያነሣሁት» አለ።

«በማጠፊያ በኩል?» አለ ሳጅኑ።

አቶ ዘመነ ወደ ሦስቱ ዞረ። «ይኼን ማዕከል እናንተና ገበሬ ልትመሩት? ማሽኑ ቢጠፋ እርስ በርስ እንደምትበላሉ አውቅ ነበር። እናንተ ከተበላላችሁ ማዕከሉ እኔው ዘንድ ይቆያል። ተበላላችሁ ወይስ አልተበላላችሁም?»

ንግግሩ እውነት ነበረበት።

ድምፁን አለዘበ። «እኅቴ፣ ማሽኑ ተገኝቷል። ሽማግሌ ይግባና በቢሮ እንጨርሰው።»

የመጋዘኑ ሙቀት ገና ከይታየሽ አንገት አልወረደም። ሽምግልና ማለት በሩ ተዘግቶ የሚነገር ነገር ነው። የተዘጋ በር በቅቷታል።

«አይሆንም፣ አቶ ዘመነ። ነገ ንብ አናቢዎቹ ሁሉ ባሉበት ይቁሙ። እኛ ለምን እንዳላጠብነው እንመልሳለን። እርስዎ ደግሞ ለምን እንደሰረቋቸው፣ በፊታቸው ይመልሱ።»