ግቡ፣ አይነካም

«ኧረ ቤቶች! ውሻ ያዙ!»

እትዬ ጌታነሽ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስትጣራ፣ ማዕረግ የስምንተኛ ክፍል ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታጠና ነበር። አባቷ ትዕዛዙ ፀሐይ እየሞቀ ጥርሱን ይጎረጉራል። ውሻቸው አይደፈር ሰንሰለቱን በጥሶ ጎተራው ሥር ተጋድሟል፤ ትዕዛዙም አይቶታል።

«ግቡ፣ አይነካም» አለ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ።

ይህን ሲል ከንፈሩ ጥግ ላይ ብቅ የምትለውን ፈገግታ ማዕረግ ታውቃታለች። እንግዳ ነጠላውን ጥሎ ሲሮጥ ማየት ለአባቷ ጨዋታ ነው። ጎረቤታቸው ጌታነሽ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ልትጠራው ነበር የመጣችው። ገና እግሯን ስታስገባ አይደፈር ባቷን ያዘ። ማዕረግ በፍልጥ ደብድባ ስታስለቅቀው ጥርሱ ላይ የቀሚስ ጨርቅና ሥጋ ቀርቶ ነበር። አባቷ ሳቁ አምልጦት አፉን በጋቢው ሸፈነ። አስጠላት። ስለ አባት እንዲህ አይባልም፤ ግን አስጠላት።

ጌታነሽን በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ትዕዛዙ ውሻውን በመጥረቢያ እጀታ ቀጥቅጦ ገደል ጣለውና «ዘሩ ነው፤ ዘሩ ክፉ ነው» አለ።

ዘሩ! ማዕረግ ሁሉንም አይታለች። አይደፈር ጡጫ የማያህል ቡችላ ሳለ አባቷ ጆሮውን በምላጭ ቆርጦ መልሶ ለራሱ ለቡችላው አበላው። እንዲከፋ ብሎ ሚጥሚጣ በሥጋ ጠቅልሎ አጎረሰው፤ ብርሃን በማይገባበት ጉድጓድ አሰረው። ሰንሰለቱ አንገቱን በልቶት ቁስሉ ትል እስኪያወጣ ድረስ ዞር ብሎ አላየውም። ያ ሽታ ማዕድ ሲቀርብ እንኳ ከማዕረግ አፍንጫ አይወጣም ነበር። አብራው የተወለደችው ቡሬ ግን እጌታነሽ ቤት ነው ያደገችው። በግ ትጠብቃለች፤ የጌታነሽ ትንሽ ልጅ ሆዷ ላይ ይተኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ያን ዕለት ጠዋት ትዕዛዙ ከዚያችው ከአይደፈር እናት ሌላ ቡችላ አምጥቶ ነበር።

«ሳትጣራ ነው የገባችው» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ሳይጣሩ ሰው ቤት መግባት የማን አገር ወግ ነው?»

ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል። ተጣርቶ «ግቡ» የተባለ ሰው ከተነከሰ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፤ ሳይጣራ ከገባ የራሱ። ጌታነሽ በጨርቅ የተጠቀለለ እግሯን ዘርግታ «ኧረ ተጣርቻለሁ!» አለች።

የነፍስ አባታቸው አባ መርስዔ ኃዘን ወደ ማዕረግ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ እዚያው ነበርሽ። ተጣርታለች ወይስ አልተጣራችም?»

አባቷ አፈጠጠባት። ማታ የምትገባው እሱ ቤት ነው።

«ተጣርተዋል» አለች። «አባዬም ‹ግቡ፣ አይነካም› አሏቸው። ሰንሰለቱ መበጠሱን አይተው ነበር።»

የጌታነሽ እግር እስኪድን ትዕዛዙ ገብሷን እንዲያጭድላት ተፈረደበት። ወደ ቤት ተመለሱ። ግቢ እንደ ገቡ ትዕዛዙ ቡችላውን ማጅራቱን ይዞ አንጠለጠለው።

«የፊተኛው ክፋቱ አንሶኛል፤ ይኸኛው ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ታያላችሁ። ምላጩን አምጪ።»

ቡችላውን መሬት ላይ ጣለና ገመድ ፍለጋ ወደ ጋጣው ገባ። ማዕረግ ምላጩን ከግድግዳው ስንጥቅ መዝዛ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ቡችላውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ከኋላዋ ስሟ ሲጠራ ሰማች፤ አልዞረችም።

ከጌታነሽ አጥር ውጭ ቆመች።

«ውሻ ያዙ!»

«ግቢ የኔ ልጅ» አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ። «አይነካም።»

ቡሬ ጅራቷን እየቆላች መጣች። ነጠላውን አሸተተች፤ በአፍንጫዋ ገለጥ አድርጋም የቡችላውን ጆሮዎች ላሰች።