የጦይባ የቆርኪ መኪና

የጦይባ አባት ትልቅ መኪና ይነዳል። ትልቅ ስል በጣም ትልቅ፤ ጋቢናዋ ቀይ ነው፤ ከኋላዋ ቢጫ ተሳቢ አላት፤ ስትዞር መንገዱን በሙሉ ትወስዳለች።

ጥሩምባዋም ትልቅ ነው። «ፓፓ! ፓፓፓ!» ሲል ዶሮዎች ይበታተናሉ፣ ድመት አልጋ ሥር ትገባለች፣ ጦይባ ግን ወደ ደጅ ትሮጣለች።

አባዬ ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ዕቃ ይጭናል፤ ከዚያ ይመለሳል።

መሄዱ ቶሎ ነው። መመለሱ ግን አቤት ሲቆይ!

በዚህኛው ጊዜ ደግሞ አባዬ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ሆነ። እነጦይባ ከኪራይ ቤት ወጥተው አዲስ ሰፈር ገቡ።

አዲሱ ቤት የራሳቸው ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ።

አባዬ ሲሄድ ይህ ቦታ ሜዳ ነበር። ችካል ተተክሎበት፣ ክር ተወጥሮበት ነበር፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

አሁን ግን ቤት፣ ቤት፣ ቤት። ሁሉም ጭቃ፣ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

ጦይባ በሩ ላይ ቆማ ወደ ቀኝ አየች። ወደ ግራም አየች።

«እማዬ፣ አባዬ ቤታችንን በምን ያውቀዋል?»

እማዬ ልብስ እያሰጣች ነበር። «ይጠይቃላ ልጄ። አፍ አለው አይደል?»

«የሚጠይቀው ሰው ቢያጣስ?»

«ይደውላል።»

«ስልኩ ባትሪ ቢጨርስስ?»

እማዬ ሳቀች። ጦይባ ግን አልሳቀችም።

ማታ ጦይባ ዓይኗን ጨፍና አባዬን አየችው። ሻንጣውን ተሸክሞ ከቡናማ ቤት ወደ ቡናማ ቤት ይሄዳል።

ኳ! ኳ! ኳ! ያንኳኳል። የሌላ ሰው እናት ትከፍታለች፤ የሌላ ሰው ልጅ ብቅ ትላለች።

«ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ይልና ይሄዳል። እንደገና ኳ! ኳ! ኳ!

ጦይባ ዓይኗን ገለጠች። አባዬ ናፈቃት። በጣም፣ በጣም ናፈቃት።

ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆርኪ አየች። ለስላሳ የጠጣ ሁሉ ቆርኪውን እዚያው ይጥለዋል፤ ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ነጭም አለ።

ጦይባ ቆማ አሰበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች፤ ቀሚሷ እስኪሞላ ለቀመች።

ሱቁ አጠገብ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ደግሞ ያለቀ የጫማ ቀለም ክዳኖች ሰጣት። ጥቁር ናቸው፣ ክብ ናቸው፤ ጎማ ይሆናሉ።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት።

«የአባዬን መኪና። ግድግዳችን ላይ። አባዬ ሲያይ ቤቱን ያውቀዋል።»

ጦይባ አፈር ላይ ውኃ አፈሰሰች። በእግሯ ረገጠችው። ጨቅ! ጨቅ! ጨቅ!

ጭቃውን ግድግዳው ላይ መረገችና ቆርኪውን በላዩ ላይ ተጫነችው። ልጥፍ! ልጥፍ! ልጥፍ!

ቀይ ጋቢና ሆነ። ቢጫ ተሳቢ ሆነ። ጥቁር ጎማ ሆነ።

ጦይባ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። ደስ አላት።

ከዚያ ፀሐይ ወጣ። ጭቃው ደረቀ። ጭቃው ተሰነጠቀ።

ቅጭል! አንድ ጎማ ወደቀ። ቅጭል! ቅጭል! ጋቢናው ወደቀ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭልልል! መኪናዋ በሙሉ መሬት ላይ ሆነች።

ጦይባ ቁጭ አለችና አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። እንባዋም ይወርድ ጀመር።

ጎረቤታቸው እማማ ፋጤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ፀጉራቸው ነጭ ነው፣ እጃቸው ደግሞ ሰፊ ነው፤ የስንቱን ሰው ቤት በጭቃ የለሰነ እጅ ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ» አሉ እማማ ፋጤ። «ነይ እስቲ፣ ጭቃሽን አሳዪኝ።»

ጭቃውን በጣታቸው አሹት። አሸተቱት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ጭቃ አይደለም የኔ ልጅ። ውኃ የጠጣ አፈር ነው። ጭድ የለውም፣ ደግሞም አልቦካም።»

«ጭቃ ይቦካል እንዴ?»

«እንዴታ! እንደ ሊጥ ይቦካል። ያልቦካ ጭቃ ግድግዳም አይይዝ፣ ቆርኪም አይይዝ።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ሲቦካ ነዋ።»

«አባዬ ቀድሞ ቢመጣስ?»

«አላውቅም» አሉ እማማ ፋጤ። «ግን እሱ ሲመጣ መሬት ላይ የወደቀ ቆርኪ ብቻ ቢያይስ?»

ጦይባ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለች። መጠበቅ ግን አልወደደችም።

እማዬ ጭድ አመጣች። እማማ ፋጤ ውኃ አፈሰሱ። ጦይባ ገብታ ረገጠች። ጨቅ! ጨቅ! ጨቅ!

ከዚያ ጭቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈኑት።

ጠዋት ጦይባ ፊቷን ሳትታጠብ ሮጠች። «እማማ፣ ደረሰ?»

«አልደረሰም። ርገጪው።» ጨቅ! ጨቅ! ጨቅ!

በማግስቱም ሮጠች። «እማማ፣ ደረሰ?»

«አልደረሰም። ርገጪው።» ጨቅ! ጨቅ! ጨቅ!

አንድ ቀን ከሰዓት ከወደ አስፋልቱ ጥሩምባ ተሰማ። «ፓፓ! ፓፓፓ!»

ጦይባ በጭቃ እግሯ ሮጠች። ሮጠች፣ ሮጠች፣ አስፋልቱ ጋ ደረሰች።

መኪናዋ ሰማያዊ ነበረች። ሹፌሩ እጁን አውለበለበላት። የሌላ ልጅ አባት ነው።

ጦይባ እየተጎተተች ተመለሰች። ያን ቀን ጭቃውን የረገጠችው ቀስ ብላ ነው። ጨቅ... ጨቅ... ጨቅ።

አንድ ቀን ጠዋት ማዳበሪያውን ስትገልጠው፣ ኧፍ! ሽታው አፍንጫዋን መታት።

«እማማ! ጭቃችን ተበላሸ!»

እማማ ፋጤ እየሳቁ መጡ። «አልተበላሸም። ደረሰ።»

እማዬ እጅጌዋን ሰበሰበች። እማማ ፋጤ ግድግዳውን በሰፊ እጃቸው ለሰኑት፤ ሸርተት፣ ሸርተት አደረጉት።

ጦይባ ቆርኪዎቿን ይዛ ቀረበች። ልጥፍ! ልጥፍ! ልጥፍ!

ቀይ ጋቢና ሆነ። ቢጫ ተሳቢ ሆነ። ጥቁር ጎማ ሆነ። እማዬ ያወጣችው አሮጌ ሲዲ ደግሞ መብራት ሆነ። ጋቢናው ውስጥም አንዲት ትልቅ ነጭ ቆርኪ ገባች።

ፀሐይ ወጣ። ጭቃው ደረቀ። ጦይባ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

ምንም አልወደቀም።

ጭቃው ግን ተርፎ ነበር። እማማ ፋጤ ከተረፈው ለእንድሪስና ለባንቺ ሰጧቸው። ሁለቱም የጎረቤት ልጆች ናቸው።

በማግስቱ ጦይባ ከቤት ስትወጣ ምን ብታይ ጥሩ ነው? በእነእንድሪስ ግድግዳ ላይ የቆርኪ መኪና! በእነባንቺ ግድግዳ ላይም የቆርኪ መኪና!

ሁሉም መኪና። ሁሉም ቀይ። ሁሉም አንድ ዓይነት።

«ለምን የእኔን መኪና ሠራችሁ?» አለች ጦይባ።

«ያምራላ» አለ እንድሪስ። እውነቱን ነው፣ ያምራል።

«አባዬ አሁን ቤታችንን በምን ያውቀዋል? ያንተ አባት እቤት ነው ያለው። ያንተ አባት ሹፌር አይደለም። አንተ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

እንድሪስ ራሱን አከከ። አሰበ።

«ወንድሜን» አለ። «ደሴ ነው የሚማረው። እሱ ሲኖር ኳስ አብረን ነበር የምንጫወተው።»

«እና ኳስ አትሠራም?»

እንድሪስ ግድግዳቸውን አየ። ማታ የለጠፈው ነውና ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ሄደና ቆርኪዎቹን ነቅሎ ትልቅ፣ ትልቅ ኳስ ሠራ።

«እኔ የምጠብቀው ፍየሌን ነው» አለች ባንቺ። «አክስቴ ጋ ነው የተውናት። በረት ስንሠራ ትመጣለች።»

«ፍየል እኮ ግድግዳ አታይም» አለ እንድሪስ።

«የእኔ ፍየል ታያለች» አለች ባንቺ። መኪናዋን አፍርሳ ቀንድ ያላት ፍየል ሠራች።

እማማ ፋጤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ከዚያ ተነሱና እርጥብ ጭቃ በራሳቸው ግድግዳ ላይ መረጉ። ሰፊ እጃቸውን አስገብተው ተጫኑት።

እጃቸውን ሲያነሱ፣ የእጃቸው ቅርጽ እዚያው ቀረ።

«እማማ፣ ይሄ ለማን ነው?» አለች ጦይባ።

«ለልጄ» አሉ እማማ ፋጤ። «ሩቅ አገር ነው ያለው። ቤቱን ባያውቅ እጄን አያጣውም።»

ጦይባ እማማ ፋጤን እጃቸውን ያዘቻቸው። አብረው መንገዱን አዩ።

ደግሞ መጠበቅ ሆነ። ነገ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ ሆነ፤ አባዬ የለም።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሩቅ ተሰማ። «ፓፓ! ፓፓፓ!»

ጦይባ ይህን ጥሩምባ ታውቀዋለች። ዶሮዎቹ ተበታተኑ።

«ሩጪ እንጂ፣ ተቀበዪው!» አለች እማዬ።

ጦይባ ግን ከበሩ ኋላ ገብታ ተደበቀች። «ዝም በይ እማዬ። ራሱ ያግኘው።»

በሩ ስንጥቅ አለው። በስንጥቁ አየች።

አባዬ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። መንገዱ መጀመሪያ ላይ ቆመ። ወደ ቀኝ አየ፤ ወደ ግራም አየ።

የጦይባ ልብ ድው፣ ድው፣ ድው አለ።

ኳሱን አየው። አለፈው።

ፍየሏን አያት። ሳቀ፤ አለፋት።

የእማማ ፋጤን እጅ አየው። ቆመ። የራሱን እጅ በላዩ ላይ አሳረፈ። ጦይባ ልትጮህ ምንም አልቀራትም፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያ አባዬ ዘወር ሲል መኪናዋን አያት።

ቀይ ጋቢና። ቢጫ ተሳቢ። ጥቁር ጎማ።

ሻንጣው ከትከሻው ወረደ። አባዬ አላንኳኳም። ኳ ኳ አላለም። ቀስ ብሎ ብቻ «ጦይባ» አለ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ጦይባ እንዴት እንደሮጠች አልነግራችሁም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አባዬ ናፍጣ፣ ናፍጣ ይሸታል። ላብ፣ ላብም ይሸታል። ጦይባ አንገቱ ሥር ገብታ ሽታውን ሁሉ ሳበችው።

ከእራት በኋላ አባዬ ጦይባን አልጋዋ ላይ አስተኛት። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ደግሞ ትሄዳለህ አይደል?»

አባዬ ወለሉን አየ። «እሄዳለሁ የኔ እናት። ሥራዬ ነው።»

ጦይባ ከንፈሯን ነከሰች። ገና ሳይሄድ ናፈቃት።

«ግድግዳው ላይ ያለችው መኪናስ?» አለ አባዬ። «እሷም ወደ ባሕሩ ነው የምትሄደው?»

ጦይባ ብድግ ብላ ተቀመጠች። አባዬ ሹፌር ሆኖ ይህን እንዴት አያውቅም?

«አፍንጫዋን አላየኸውም? ወደ በራችን ነው የዞረው። እሷ እየሄደች አይደለም። እየመጣች ነው።»

አባዬ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ጋቢናው ውስጥ ያለው ማነው?»

«አንተ ነሃ። ትልቋ ነጭ ቆርኪ።»

«እንግዲያው እኔም እየመጣሁ ነው» አለ አባዬ።

«ባሕሩ ጋ ስትሆንም?»

«ባሕሩ ጋ ስሆንም።»

«በረሃው ውስጥ ስትሆንም?»

«በረሃው ውስጥ ስሆንም። ጨፍኚ አሁን።»

ጦይባ ዓይኗን ጨፈነች። የአባዬን ጣት እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።

ውጭ ጨለማ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ቀይዋ መኪና ወደ በራቸው እየመጣች ነው።