የደህናዎች ጉልበት

«እንዴት ነሽ፣ ትርንጎ? ደከመሽ እንዴ?» አለ ወንፈል ጆሮዋ ውስጥ ካለችው የመገናኛ ፍሬ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደስ ይላል። እንግዲያው ከአንቺ እወስዳለሁ።»

ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ከበድ አለ። ከፊቷ ካለው ረጅም ሰልፍ ውስጥ ደግሞ የሆነ ሰው ፔዳል ቀለል ብሎለት ይሆናል። ትርንጎ ከቁብም አልቆጠረችው። ከባሕር ዳር ከተነሡ ጀምሮ ይኸው ነው፤ በየሰዓቱ ይጠይቃታል፣ ትመልሳለች፣ ይወስዳል።

ጉዞው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይደረጋል። አራት መቶ ብስክሌት በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ በሦስተኛው ቀን ደብረ ማርቆስ ይገባል። ውድድር አይደለም፤ ቀድሞ የሚደርስም ወደ ኋላ የሚቀርም የለም። ሁሉም እኩል የሚወጣው በወንፈል ምክንያት ነው። ወንፈል ከኮርቻው ሥር የተገጠመ የቡጢ ያህል ዕቃ ነው። ከብርቱው እግር ጉልበት ቆንጥሮ በአየር ላይ ለደካማው ያቀብላል። ስሙን ያወጡለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የድሮ ገበሬ ዛሬ ለጎረቤቱ አርሶ ነገ ለእሱ ሲታረስለት ወንፈል ይለው ስለነበር።

መጀመሪያ ላይ ወንፈል ሰውን አይጠይቅም ነበር፤ የልብ ምት እያነበበ ማን እንደበረታና ማን እንደዛለ ራሱ ይለይ ነበር። አምና ግን ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «ማሽን ደረቴን ሰልሎ ድካሜን ለአራት መቶ ሰው ሊያወራብኝ? አፍ የለኝም?» አሉ። ኮሚቴ ተሰበሰበ። የልብ ንባቡ ተነሣና ወንፈል እየጠየቀ የሰውን ቃል እንዲያምን ተደረገ። ሁሉም አጨበጨበ። በዚህ አገር ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንኳ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እንደሚል ከዚያ ሁሉ ሰብሳቢና ተሰብሳቢ አንድም ሰው ትዝ አላለውም። ወይም ትዝ ብሎት ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው!

ትርንጎ የኋላ ጠባቂ ናት። ከሰልፉ መጨረሻ ሆና ጎማ የተነፈሰበትን፣ ካቴና የወለቀበትን እየጠገነች ማንም እንዳይቀር ታደርጋለች። ቁጡ ናት። ቁጡ መሆኗን ታውቃለች፤ «ቁጡ ነሽ» ስትባል ደግሞ ይብስባታል።

አዲስ ቅዳምን አልፈው ዳገቱ ሲጀምር የአንዲት መምህርት ጎማ ተነፈሰ። በግራና በቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከዛፎቹ ማዶ ሰው የሌለባቸው አጫጆች ጤፉን በራሳቸው ጊዜ ያጭዳሉ። ትርንጎ ጎማውን ለውጣ መምህርቷን ከሸኘች በኋላ የእጅ ሰሌዳዋን ተመለከተች። ሰሌዳው ላይ ብስክሌቶቹ ሁሉ በነጥብ ይታያሉ፤ የሚሰጡት አረንጓዴ፣ የሚቀበሉት ቀይ ናቸው። የእሷ ሥራ ቀዮቹን መጠበቅ ስለሆነ አረንጓዴዎቹን አይታቸው አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን አንዱ አረንጓዴ ዓይኗን ወጋት፤ ከሁሉም ይደምቃል፤ በተጠየቀ ቁጥር ከማንም አጠንክሮ ደህና ነኝ ያለ ሰው ነው ማለት ነው። ነካችውና ስሙ ወጣ።

ይስማው። ከአራት መቶ ሰው አብልጠው የሚሰጡት ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው የገዛ አባቷ ነበሩ።

በክረምት፣ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ሲይዙ አይታቸዋለች። «ጨጓራዬ ነው» ብለዋት ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትላቸው ሦስት ቀን አኮረፏት።

«ምንይችል!» አለች በመገናኛው። ምንይችል የጉዞው አስተባባሪ ነው፤ ምላሱ ቅቤ የተቀባ፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው። «አባቴን አላየሃቸውም?»

«አየኋቸው እንጂ! አንበሳ ናቸው እኮ።»

«አንበሳ አትበለኝ! ልባቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ሰልፉን አስቁም።»

«ትርንጎዬ፣ እንጅባራ መግቢያ ላይ የአዊ ፈረሰኞች ተሰልፈው እየጠበቁን ነው። ስፖንሰሮቹም እንግዶቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ጋሼ ራሳቸው ደህና ነኝ እያሉ እኔ ምን ላድርግ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሰሌዳውን እያየህ ነበር ማለት ነው።»

ምንይችል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዘንድሮን እንደምንም እንለፈውና ለከርሞ እናስተካክለዋለን» አለ።

ለከርሞ! ትርንጎ መገናኛውን ጠርቅማ ከኮርቻዋ ተነሥታ ቆማ ፔዳሉን መምታት ጀመረች። ሰልፉን በግራ በኩል እያለፈች ወጣች። ያለፈቻቸው ሰዎች ፊታቸው በላብ ታጥቧል፤ ግን አንዳቸው ሳይቀር ፈገግ ብለው «በርቺ!» ይሏታል። እሷም «በርቱ!» ትላለች። እየተናደደችም ትላለች።

ወደ ፊት ስትቀርብ ሰማያዊ ማሊያ የለበሱት የስፖንሰር እንግዶች ዘንድ ደረሰች። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ናቸው። ያንን ዳገት እያወሩ፣ እየሳቁ ይወጡታል። አንዷ እንዲያውም አንድ እጇን ከመሪው ላይ አንሥታ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«አንቺ! ማን እየገፋሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ደነገጠች። ማሊያዋ ላይ ሶልያና የሚል ስም ተጽፏል። «ወንፈል ነዋ» አለች።

«ወንፈል እግር አለው እንዴ? የሚገፋሽ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው! እዚያ ፊት ለፊት፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉት። አታፍሪም?»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» ልጅቷ ቆሎዋን ኪሷ ከተተች። «ደከመሽ ወይ አለኝ፤ ደክሞኝ ስለነበር አዎ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? እናንተስ ለምን አትነግሩትም?»

ትርንጎን ይበልጥ ያበገናት የልጅቷ እውነቷን መሆን ነው። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ከማሽን ጋር ስታወራ ያደገች ልጅ ናት፤ ማሽን ሲጠይቃት ሊያውቅ ፈልጎ እንደሆነ ታምናለች። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ማሽን ፊት ይዞ መቅረብ አልመጣላትም። እውነቱን የተናገረ በሰው ጉልበት ይወጣል፣ ጨዋው ሕዝብ ደግሞ እሱን ተሸክሞ ያለከልካል። ይኼ ወንፈል ነው? ወንፈልስ ተራ ነበረው።

ጋሼ ይስማው ከሰልፉ ራስ ላይ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ጉዞው ከተጀመረ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። ከንፈራቸው አመድ መስሏል፣ ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ይሰማል።

«አባዬ፣ ይውረዱ።»

«ቦታሽን ጥለሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ? የኋላውን ማን ይጠብቀው?»

«ይውረዱ አልኩ! ካልሆነም ደክሞኛል ይበሉት። አንዲት ቃል ናት።»

«አልደከመኝም።»

«ትንፋሽዎ እንኳ እየመሰከረብዎት!»

ሽማግሌው ፔዳሉን እየመቱ መለሱላት። «አምና ኮሚቴው ፊት ቆሜ የሰው ቃል ይበቃል ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ከሁሉ ቀድሜ ወየው የምለው እኔ ልሁን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ሬሳዎን ተሸክሞ ሲወርድስ ምን ይላል?»

በዚያው ቅጽበት ወንፈል ሳይጠይቃቸው አልቀረም፤ ጋሼ ይስማው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ሲሉ ሰማቻቸው።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። አባቷን አንተ ስትል በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። የአሥር ሰው አንገት ዞረ። እጇን ሰዳ መሪያቸውን ልትይዝ፣ ጎትታ ልታወርዳቸው ነበር፤ ጣቶቿ መሪው ድረስ ደርሰው ነበር። ከዚያ የሚያዩዋትን ዓይኖች አየች። አባቷን በአደባባይ ከብስክሌት ጎትታ የጣለች ልትባል ነው። እጇ ተመለሰ።

ሌላ ዘዴ መጣላት። የኋላ ጠባቂ በችግር ጊዜ በሁሉም ጆሮ መናገር ትችላለች። ቁልፉን ተጫነች።

«ስሙኝ! ትርንጎ ነኝ፣ የኋላ ጠባቂዋ። የአንድ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው። አሁን ወንፈል ሁላችሁንም እንዲጠይቃችሁ አደርጋለሁ። የደከመው ደክሞኛል ይበል። እውነቱን! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልን ነው ያደግነው። ሲጠይቁን ግን እንዋሻለን። እስቲ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አትዋሹ!»

ስሌቷ ቀላል ነበር። ሁሉም ደክሞኛል ካለ የሚሰጥ አይኖርም፤ የሚሰጥ ከሌለ ወንፈል የሚወስደው አያገኝምና ሥራውን ያቆማል። አባቷም ሳያፍሩ ይድናሉ።

ወንፈል ጠየቀ። ቁልፉ ክፍት ስለነበር የእያንዳንዱ መልስ በሁሉም ጆሮ ይሰማል። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ «እኔ እንኳን… እውነት ለመናገር ደክሞኛል» አለ። «እኔም» አለች አንዲት ሴት። «እኔ ከመራዊ ጀምሮ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ነው የመጣሁት።» «ኧረ እኔስ መቀመጫዬን ማን ይንገርልኝ!» አለ ሌላው፤ ሳቅ ሆነ። ጎማ የተነፈሰባት መምህርት ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ በማይለይ ድምፅ «ደክሞኛል፣ ደክሞኛል፣ ደክሞኛል» አለች። ሰልፉ ሁሉ ተንጫጫ። ያን ያህል ሰው ድካሙን እንዲህ በደስታ ሲናገር ተሰምቶ አይታወቅም።

«እኔም ደክሞኛል!» አለች ትርንጎ፤ ደረቷ ቀለላት።

«አመሰግናለሁ» አለ ወንፈል በሁሉም ጆሮ፣ በዚያ ትሕትና በተሞላ ድምፁ። «አሁን ሁላችሁም ደክሟችኋል። ደህና ነኝ ያሉኝ ጋሼ ይስማው ብቻ ናቸው። እንግዲያው ከእሳቸው እወስዳለሁ።»

ትርንጎ «አይሆንም!» ለማለት አፏን ከፈተች እንጂ ጊዜ አልነበራትም። ለወንፈል ወሰን አልተበጀለትም። አንድ ሰው ብቻውን ይቀራል ብሎ ማን ያስባል? የሰልፉ ሁሉ ድካም በአንድ ፔዳል ላይ ወደቀ። የጋሼ ይስማው እግር ግድግዳ እንደመታ ተገትሮ ቀረ፤ ብስክሌቱ አጋደለና ከነሰውየው ከአስፋልቱ ዳር ተከሰከሰ።

ብስክሌቷን ጥላ ዘለለች፤ ጠጠር ላይ በጉልበቷ ወደቀችና ተነሥታ ሮጠች። አባቷ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጆሯቸው ላይ የነበረችው የመገናኛ ፍሬ ተስፈንጥራ ሣር ውስጥ ገብታለች። ጎንበስ ስትል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ማንም እንዳይሰማቸው በሹክሹክታ ነበር የተናገሩት።

«ደከመኝ፣ ልጄ።»

«ደክሟቸዋል!» ብላ በወንፈል ላይ ጮኸች። «ሰማህ? ደክሟቸዋል!»

«ይቅርታ፣ ትርንጎ። በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት የምቀበለው ቃል ከራሳቸው አፍ የወጣውን ብቻ ነው።»

መፍቻዋን ከወገቧ መዝዛ ከአባቷ ኮርቻ ሥር ያለውን ዕቃ መታችው። ደጋግማ መታችው። አሁን መምታቱ ለማንም የሚጠቅም ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም ስብርባሪው መንገዱ ላይ እስኪበተን ድረስ አላቆመችም። የሚከለክላት ሰው አልነበረም። ሶልያና ብቻ መጥታ ከሽማግሌው ራስጌ ቁጭ አለች፤ በባርኔጣቸው ከፀሐይ ትከልላቸው ጀመር።

በራሪዋ አምቡላንስ እንጅባራ አደረሰቻቸው። የትከሻ አጥንታቸው ተሰብሯል። የልባቸው አንድ የደም ሥር ሊደፈን ጥቂት ቀርቶት ተገኘ፤ ሐኪሟ ከፈተችውና «ባይወድቁ ኖሮ እስከ ገና አይደርሱም ነበር» አለች። ትርንጎ ይህንን ስትሰማ መደሰት ነበረባት። እሷ ግን ለመዳንም መውደቅ ያስፈልጋል ወይ ብላ ተናደደች።

ወደ ማታ ምንይችል ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፋቸው» አለ። «ነገ ጠዋት ጉዞው ይቀጥላል፤ ኮሚቴውም አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቷል። የልብ ንባቡ ይመለስ የሚሉ አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን…»

«ውጣልኝ!» አለችው። «ታውቅ ነበር። አውቀህ ዝም አልክ። ሰው እየዋሸ መሆኑን የሚያውቅ ሰውና ምንም የማያውቅ ማሽን አንድ ናቸው? አንተ ትብሳለህ! ብርቱካንህንም ይዘህ ውጣ!»

ምንይችል ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

አባቷ አንቀላፍተዋል። ትርንጎ አጠገባቸው ቁጭ አለች። የሱሪዋ ጉልበት ተቀዷል፤ ደሙ እስከ ካልሲዋ ወርዶ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ነርሷ የአባቷን ግሉኮስ ልትቀይር ስትገባ ዘወር ብላ አየቻት።

«እርስዎስ፣ እትዬ? እግርዎ ደምቷል እኮ። ደህና ነዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ትርንጎ። «ጭረት ናት።»

ነርሷ አመነቻትና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ትርንጎ የመገናኛ ፍሬዋን ከጆሮዋ ማውለቅ ረስታ ነበር።

«ደስ ይላል፣ ትርንጎ» አለ ወንፈል። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ከአንቺ እጀምራለሁ።»

ትርንጎ ቱግ ብላ ብድግ አለች፤ የምትቆጣውን ሰው ፈለገች። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር የነቃ ሰው አልነበረም።