ገጹን ለሁሉም ከፈትኩት

ይሄ ፈጠራ አይደለም። ብፈጥር ኖሮ ራሴን ጎበዝ አድርጌ ነበር የምጀምረው።

የገና ዋዜማ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል... ሱቫውኪ፣ የፖላንድ ሰሜን ጫፍ፣ በዚያ ሰዓት ይጨልማል።

እናቴ ወጥ ቤት ዓሣ ትጠብሳለች። እኔ ወንድሜ ቲሞን ክፍል ውስጥ፣ የሚያጓራው አሮጌ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ እሳደባለሁ።

ቲሞን ጌም ይሠራል። ጌሙ የእኛው ቤት ነው። በራችን፣ ጠረጴዛችን፣ ወንበሮቻችን አንድ በአንድ ፋይሎቹ ውስጥ ተጽፈዋል። አንድ ነገር ሲቀየር ማን እንደቀየረው ከነስሙ ይመዘገባል። የወጣው መስመር በቀይ፣ የገባው በአረንጓዴ።

ግዳንስክ ያለ አንድ ሰውዬ ይህን ሁሉ በብሮውዘር ልይ አለ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ። ከወደደው ቲሞን እቤቱ ሆኖ የሚሠራው ሥራ ያገኛል። ካልወደደው በጥር ኖርዌይ ሄዶ ዓሣ ሊያሽግ ነው።

ቲሞን ደግሞ በረዶ ያቆመው ባቡር ውስጥ ነው። ፋይሎቹን የሚያሳየውን ገጽ ከዚህ ኮምፒውተር የምከፍተው እንግዲህ እኔ ነኝ... ትምህርት ያቋረጥኩት እኔ!

"አሁንስ ምን ይላል?" አለኝ በስልክ።

"መግባት አይፈቀድም ይላል። ልክ እንደ ፍቅረኛህ።"

"ያግና፣ አትቀልጂ! የፈቃዱን ፋይል ክፈቺ። 'ማንበብ ብቻ' በይው፣ አስቀምጪው፣ ከዚያ አጥፍተሽ አስነሺው።"

አጠፋሁ። አስነሳሁ። ባዶ ነጭ ገጽ።

እንደገና። መግባት አይፈቀድም።

እንደገና... ነጭ።

"አንድ ነጥብ ረስተሽ ይሆናል።"

"አንተን ነበር ስትወለድ ሆስፒታል መርሳት!"

አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ። ዓይኔ ቀላ፣ ጥርሴን አፋጨሁ። በመጨረሻ ንድድ ብሎኝ "ለሁሉም፦ ሁሉም ይፈቀዳል" ብዬ ጻፍኩ። ማንም ይግባ፣ ያንብብ፣ ያሻውን ይጻፍ። ገደል ይግባ!

ገጹ ብልጭ ብሎ ተከፈተ።

ምን እንዳደረግኩ ለቲሞን አልነገርኩትም። እልል እያለ ሊንኩን ለሰውዬው ላከ።

እኔ ገጹን አደስኩት።

አዲስ ለውጥ... የቀየረው ሰው ስም ባዶ ነው።

ቀይ፦ የመግቢያ በር፣ ተቆልፏል።

አረንጓዴ፦ የመግቢያ በር፣ ክፍት።

"ቲሞን፣ በሩን አንተ ነህ የቀየርከው?"

"በምኔ? ሰውዬውም ቢሆን ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው... አይደል?"

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

ያኔ እናቴ ጮኸች። "አንቺ ልጅ! በር በሌለው ቤት ነው ያሳደግኩሽ? ዝጊው፣ ብርድ ገደለን!"

ሄድኩ። በሩ ወለል ብሏል። ደጁ ላይ የተከመረውን በረዶ ማንም አልረገጠውም።

ቆለፍኩት። ስመለስ ሌላ ለውጥ ጠበቀኝ።

ቀይ፦ አራተኛው ወንበር፣ ባዶ።

አረንጓዴ፦ አራተኛው ወንበር፣ ተይዟል።

እኛ ሦስት ነን። አራተኛው ሰሃን ድንገት ለሚመጣ እንግዳ ነው። በዋዜማ ሁሉም ቤት ይቀመጣል። እኛ ቤት ማንም መጥቶ አያውቅም።

ወደ ሳሎን አንገቴን አሰገግኩ።

ወንበሩ ከጠረጴዛው ሸሸት ብሏል... ልክ ሰው እንደተቀመጠበት።

"ቲሞን" አልኩ በሹክሹክታ። "ገጹን ልዝጋው።"

"አብደሻል? እያነበበ እኮ ነው! ትንሽ ነው የቀረው!"

"የሆነ ነገር ገብቷል።"

"ያግና... በማርያም። ኖርዌይ መሄድ አልፈልግም።"

ያ ትልቅ አህያ እያለቀሰ ነበር።

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር።

አነሳሁት።

ሰውዬው አሥራ አንድ ሊሞላ ሲል ደወለለት። ሥራው የቲሞን ሆነ። ወዲያው ኮምፒውተሩን ከነገመዱ ነቀልኩት። ግልግል!

ማታ ቲሞን አፍንጫው በርበሬ መስሎ ገባ። አቅፎ አነሳኝ። እናቴ የበዓሉን ስስ ቂጣ ቆርሳ ለእሱ ሰጠች፣ ለእኔ ሰጠች...

ከዚያ ቂጣ የያዘ እጇን ወደ አራተኛው ወንበር ዘረጋች።

እጇ ባዶውን ተመለሰ።

ቲሞን አየኝ። የእንግዳውን ሰሃን አየን። ውስጡ ያለው የቀይ ሥር ሾርባ ቀስ እያለ ይጎድላል። ማንኪያው አልተነካም።

"አንቺ... 'ማንበብ ብቻ' ነው ያልሽው አይደል?"

"ነጭ ገጽ ነበራ የሚያወጣው..."

የቲሞን ስልክ በራ። ገጹ ነው። የነቀልኩት ኮምፒውተር ገጽ! ስም የሌለው ለውጥ። የወጣ መስመር የለም፤ የገባ ብቻ።

አረንጓዴ፦ አምስተኛው ወንበር፣ ባዶ።

"እማ" አልኩ።

እናቴ ግን ተነስታ ሰሃን እየወለወለች ነበር።

"ያኛው ተይዟላ" አለች፣ ጨው አቀብዪኝ በምትልበት ድምፅ። "በዋዜማ የእንግዳ ቦታ አይጠፋም።"

ከኮሪደሩ ብርድ መጣ። በሩን ቆልፌው ነበር እኮ።

እናቴ ወንበሩን እየጎተተች አመጣችው... ከእኔ ጎን አደረገችው።